26 ኪሎ ምንድን ነው?

«የሥራ ልምድ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ይህን መልስ ከሰጠሁ ቆየሁ። ሥራውንም አግኝቼ እየሠራሁ ነው። ያቺ «የለኝም» ግን አሁንም ትከነክነኛለች። ማታ ጋደም ብዬ ትዝ ስትለኝ ፊቴ ይግላል። ውሸት ነበረች። ሰው ለማታለል ያልኳት ውሸት አይደለችም። ራሴ ከልቤ አምኜባት የተናገርኳት ናት። እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ይብሳል መሰለኝ።

ለፕሮግራመርነት የተደረገልኝ ቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ነበር። እነሱ አዲስ አበባ፣ እኔ ጅማ እናቴ ቤት። መብራት ይጠፋል ብዬ ላፕቶፑን ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ አድሬያለሁ። የእህቴን ስልክ ተውሼ በሁለት ስልክ ፓኬጅ ገዝቻለሁ፤ አንዱ ኔትወርክ ቢከዳኝ በሌላው እንድቀጥል። ያላሰብኩት ዝናቡን ነው። ሐምሌ ነው፣ የጅማ ሐምሌ። ልክ መነጋገር ስንጀምር ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ጥያቄያቸውን ለመስማት ጆሮዬን ስክሪኑ ላይ ልለጥፍ ምንም አልቀረኝም።

ሁለት ነበሩ። ጠያቂው ወጣት ነው። ፎርም እየሞላ ይመስላል። «የለኝም» ስለው የሆነ ነገር ጻፈና ዝም አለ። ያቺን ዝምታ በደንብ አውቃታለሁ። ከሷ ቀጥሎ የሚመጣው «እናመሰግናለን፣ እንደውልልሻለን» ነው።

ያኔ ሁለተኛው ሰው፣ እስከዚያ ድረስ ድምፁን ያልሰማሁት፣ ማይኩን ከፈተ። ጊትሀብ ላይ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ፣ ያስቀመጥኩትን ኮድ ከፍቶ ሲያነብ ቆይቷል ለካ። እዚያ ኮድ በቀየራችሁ ቁጥር ምን እንደቀየራችሁ አጭር ማስታወሻ ትጽፋላችሁ፤ ለውጡ ከነማስታወሻው ኮሚት ይባላል።

«ይቅርታ» አለ። «እዚህ አንድ ኮሚት ላይ በአማርኛ የጻፍሽው አለ። ‹26 ኪሎ 26 ኪሎ ይሁን› ይላል። 26 ኪሎ ምንድን ነው?»

ዜሮ ዓመት

ፕሮግራመር ሆኖ ሥራ የፈለገ ሰው የሚያውቀውን ታሪክ አላበዛውም። ቴሌግራም ላይ የሥራ ቻናሎቹን ትከፍታላችሁ። ርዕሱ «ጁኒየር» ይላል፣ ጀማሪ ማለት ነው። ወረድ ስትሉ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ»። አንዳንዴ «ዜሮ ዓመት» የሚል ይገኛል። ልባችሁ ዘለል ሲል ቀጥሎ «በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በሶፍትዌር ምህንድስና የተመረቀ» ይመጣል። እኔ የተመረቅኩት በባዮሎጂ ነው። ኮድ የተማርኩት ብቻዬን ነው። ሌሊት ፓኬጁ ረከስ ሲል ትምህርቶቹን አወርዳለሁ፣ ቀን ቁጭ ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ ኤችቲኤምኤል፣ ከዚያ ጃቫስክሪፕት፣ ከዚያ ፒኤችፒ እና ማይኤስኪውኤል።

41 ቦታ አመልክቻለሁ። መልስ የሰጡኝ ሦስት ናቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሥራ ለሚጠብቅ ሰው ግን ዝምታ ይነቅዛል። ሰውን ከውስጥ እየበላ ይነቅዛል።

በዚያ መሃል አንዲት ጓደኛዬ መፍትሔ ይዛልኝ መጣች። ዘመድዋ ድርጅት አለው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ፈቃደኛ ነው። «ሁለት ዓመት በፕሮግራመርነት አገልግላለች» የሚል፣ ፊርማና ማህተም ያለው። ክፉ አስባ አይደለም፣ ወዳኝ ነው። ደብዳቤውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አላኩትም። አልቀደድኩትምም። እየወጣ እየገባ ለሳምንታት ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ከረመ።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ያ ደብዳቤ ባልሠራሁበት ቦታ ሁለት ዓመት ሠርታለች ይላል። እኔ ደግሞ በአፌ የሠራሁትን አልሠራሁም አልኩ። ሁለቱም ውሸት ናቸው። ሁለተኛውን ግን ማንም አልከለከለኝም፣ ትህትና መስሎኝ ነበር።

የሐጂ መጋዘን

ከጅማ መርካቶ ወረድ ብሎ የጎረቤታችን የሐጂ መጋዘን አለ። ሐጂ ቡና ይገዛሉ። ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ገበሬው ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ያመጣል። ሐሙስ ገበያ ሲሆን ደጁ ላይ መቆሚያ አይገኝም። ሚዛን ያዡ ይመዝናል፣ ሐጂ በትልቅ መዝገብ ይጽፋሉ፣ ገንዘብ ይቆጠራል።

አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ እናቴ ዘንድ መጡ። እኔ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን እነካካለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገርሽ የኔን መዝገብ መያዝ ይችላል?» አሉኝ።

«ይችላል ሐጂ» አልኩ። ይቻል አይቻል ሳላስብ ነው ያልኩት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ምክር ያኔ አልታወሰኝም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሆነ ነገር ሠራሁ። የገበሬው ስም፣ የቡናው ክብደት፣ ዋጋው፣ የተከፈለው። ታህሳስ ላይ ግዢው ሲጀምር ላፕቶፔን ይዤ መጋዘን ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ ብጽፍ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለምሳሌ የስም ነገር። ስምና የአባት ስም ከያዝኩ ሰውን እለያለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው መጡ። የአያት ስም ጨመርኩ። አልበቃም። ቀበሌ ጨመርኩ። ደግሞ ሰዓቱ! ጠዋት 3 ሰዓት የመጣ ገበሬ ደረሰኙ ላይ 9 ሰዓት ብሎ ሲያይ ግራ ገባው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ እኛ ከንጋት። ስድስት ሰዓት መቀነስ እንዳለብኝ ያስተማረኝ መጽሐፍ የለም። ደረሰኝ ይዞ የተቆጣ ሰው ነው ያስተማረኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ 11 ቀን ሠራሁ። ሁሉም ነገር መስመር የያዘ መሰለኝ። ማታ ማታ ሐጂ የቀኑን ጠቅላላ ድምር ከመዝገባቸው ጋር ያስተያያሉ። ትንሽ ይለያያል፣ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ደግ ነው» ይላሉ።

መዝገቡን ግን አልተዉትም። እኔ በኮምፒውተር ስጽፍ እሳቸው በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ቅር ይለኝ ነበር፣ አላመኑኝም ብዬ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ያ መዝገብ በኋላ አዳነኝ።

«ግማሽ ኪሎዬ የት ሄደች?»

በ11ኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ከየቡ በኩል ነው የመጡት። ጆንያቸውን ሚዛን ላይ አወጡ፣ 26 ኪሎ። ስማቸውን ጻፍኩ፣ ክብደቱን አስገባሁ፣ ደረሰኝ ወጣ፣ ገንዘቡ ተቆጠረላቸው። ብሩን ይዘው አልሄዱም። ቆመው ጣታቸውን እያነካኩ አሰቡ። ከዚያ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ሒሳቡን አንዴ ድገሚልኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ እንዲገባችሁ ሒሳቡን ማሳየት አለብኝ። ቡና በፈረሱላ ነው የሚጠራው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለምሳሌ እንዲቀል ኪሎው 100 ብር ነው እንበል፣ ፈረሱላው 1,700 ይሆናል። ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ ስለሆነ እኔ ኪሎውን ለ17 አካፍዬ ፈረሱላ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በዋጋው አባዛዋለሁ። ታዲያ 17 እሺ የማይል ቁጥር ነው። 26ን ለ17 ብታካፍሉ 1.5294117 እያለ አያልቅም። ያ ረጅም ጅራት ደረሰኙ ላይ ሲወጣ አስጠላኝ። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ እንዲቀር አጠጋጋሁት። 1.5። ያማረ መሰለኝ።

1.5 ፈረሱላ ግን 25.5 ኪሎ ነው።

እኔ ይህን አላየሁም። ፕሮግራሙን ድጋሚ ነካሁት፣ ያው ቁጥር ወጣ። ከዚያ በሕይወቴ መልሼ ልውጠው የምመኘውን ቃል ተናገርኩ። «እማማ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «አንድ ፈረሱላ፣ 1,700። ግማሽ ፈረሱላ፣ 850። ግማሽ ኪሎ ትተርፋለች፣ 50። ሁለት ሺ ስድስት መቶ። አንቺ የሰጠሽኝ ሁለት ሺ አምስት መቶ ሃምሳ ነው። ግማሽ ኪሎዬ የት ሄደች?»

ደጋግሜ የማስባት ያቺን ደቂቃ ነው። መጋዘኑ ዝም አለ። ሚዛን ያዡ ወደኔ ዞረ። ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ። ስክሪኑ 1.5 ይላል። እኔ በአእምሮዬ አሥራ ሰባት ሲደመር ስምንት ተኩል እያልኩ ነው። ሃያ አምስት ተኩል። እናትየዋ ልክ ናቸው። እንዴት እንዳላየሁት አልገባኝም። ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን የባሰ ነበር። ይሄ የሳቸው ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የመጣ ሰው ሁሉ ነው።

ድምሩ ለምን ልክ እንደመሰለም ያኔ ገባኝ። 26 ኪሎ ያመጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ይጎድልበታል። 8 ኪሎ ያመጣ ደግሞ 0.47 ወደ 0.5 ስለሚጠጋጋ ግማሽ ኪሎ ይተርፈዋል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ ይሸፈናል። ማታ ሐጂ ሲደምሩ የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው። ጠቅላላው ደህና ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ግን ተሳስቶበታል። ይህ ነገር ዛሬም ሪፖርት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ለሐጂ ነገርኳቸው። እንዴት እንደነገርኳቸው አላስታውስም። እንባዬ እየመጣ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ የእናትየዋን 50 ብር አወጡና በሁለት እጃቸው ሰጡ፣ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ሌሎቹስ?» አሉኝ።

«አሁን ፕሮግራሙን አስተካክዬ እንደገና አሰላዋለሁ ሐጂ» አልኩ። ላፕቶፔ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳታቤዙን፣ መረጃው የሚቀመጥበትን፣ ከፈትኩ። ኪሎው የለም። ያስቀመጥኩት የተጠጋጋውን ፈረሱላ ብቻ ነው። 1.5 ብሎ የተጻፈ ሰው 25 ኪሎ ይሁን 26 ያመጣው ማወቅ አይቻልም። ዋናውን ቁጥር ራሴ ጥዬዋለሁ።

ሐጂ መዝገባቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እያንዳንዱ መስመር ላይ ኪሎው በእስክሪብቶ ተጽፏል። «የሰው ሐቅ ነው። ቁጭ በይና አውጪው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። 214 ሚዛን ነበር። ለ103ቱ ጎድሏል፣ ለ98ቱ ተርፏል። ልክ የነበሩት 13 ብቻ ናቸው፤ 17፣ 34 ወይም 51 ኪሎ ያመጡት። የተረፋቸውን ሐጂ «ተዉት፣ ስህተቱ የኛ ነው» አሉ። የጎደለባቸውን ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ሲመጡ እየጠበቅን ከፈልን። ስም እየጠራሁ ብሩን የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሐጂ ናቸው እንደዚያ እንዲሆን ያሉት። አንዳንዱ ይመርቀኛል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ያየኛል። አንድ ሽማግሌ ገንዘቡን ተቀብለው «ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር» ብለውኝ ሄዱ።

ፕሮግራሙን ደግሞ ከሥር ጀምሬ አፈረስኩት። ክብደት በግራም፣ ገንዘብ በሳንቲም፣ ሁለቱም ነጥብ የሌላቸው ሙሉ ቁጥሮች ሆነው ተቀመጡ። ከሚዛኑ የወጣው ቁጥር እንዳለ ይጻፋል፣ ማንም አይነካውም። መጀመሪያ ማባዛት፣ ቀጥሎ ማካፈል፣ ማጠጋጋት በመጨረሻ አንዴ ብቻ። ኮምፒውተር ነጥብ ባለው ቁጥር ላይ የራሱ አመል እንዳለው ያወቅኩትም ያኔ ስፈልግ ነው። ጃቫስክሪፕትን 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። ይህን ትምህርቶቹ ላይ አይቼው አልፌዋለሁ። የቆምኩበት የሰው ብር ሲሆን ነው።

ከዚያ ትንንሽ ፈተናዎች ጻፍኩ። ኮዱን በነካሁ ቁጥር 8 ኪሎ፣ 17 ኪሎ፣ 26 ኪሎ እያስገቡ መልሱን የሚያረጋግጡ። ሁሉም ሲያልፉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ኮሚቱ ላይ ምን ልጻፍ ብዬ አሰብኩ። የመጣልኝን ጻፍኩ። «26 ኪሎ 26 ኪሎ ይሁን።»

ታዲያ ለምን?

ይህን ሁሉ ለዚያ ሰው ነገርኩት። ዝናቡ እየወረደ፣ እየጮህኩ ነገርኩት። ወጣቱም ፎርሙን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ኪሎውን መጀመሪያ ለምን አላስቀመጥሽም? መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ግዢ ምን ይሆናል? ሐጂ መዝገቡን ባይዙ ምን ታደርጊ ነበር? የመጨረሻው ላይ ትንሽ ቆየሁ። «ሰዎቹን አንድ በአንድ ፈልጌ እጠይቃቸው ነበር። ኪሏቸውን አይረሱም» አልኩ። እናትየዋ ናቸው በዓይኔ የመጡት።

ሰውየው ፈገግ አለ። «እና የሥራ ልምድ የለኝም ያልሽው ለምንድን ነው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ግን ሳሰላስለው ቆይቻለሁ።

አንደኛው ነገር ማህተሙ ነው። እኛ ዘንድ የሆነ ነገር ሆነ የሚባለው ማህተም ሲያርፍበት ነው። ሐጂ ደብዳቤ አይጽፉም። ደመወዝ መክፈያ የላቸውም። ግዢው ሲያልቅ በፖስታ ገንዘብ ሰጥተውኛል፣ አልቀበልም ብዬ እናቴን አስጨንቀው ነው ያስያዙኝ። ያ ደመወዝ ነው ብዬ አላሰብኩም። ቢሮ የለም፣ አለቃ የለም፣ ስለዚህ ሥራ አይደለም። ጭንቅላቴ ውስጥ የተቀመጠው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ሙያ በልብ የሚባለው። በዚህ አባባል ነው ያደግኩት። እናቴ እጅግ ጥሩ ባለሙያ ናት፤ ወጧን ስታመሰግኗት «ኧረ ምንም አላደረግኩበትም» ትላለች። ሰው ራሱን ሲያወራ ያስጠላናል። ይህን ጠባይ እወደዋለሁ። ሥራ ፍለጋ ላይ ግን ልብ ውስጥ ያለውን ሙያ የሚያየው ሰው የለም። ጠያቂው የሚያየው ሲቪውን ነው። እኔ ሲቪዬ ላይ የሐጂን ፕሮግራም «ፕሮጀክቶች» ከሚለው ሥር የመጨረሻ መስመር ላይ አድርጌዋለሁ። «አነስተኛ የቡና መመዝገቢያ።» በቃ። 214 ሚዛን የለም፣ 103 ሰው የለም፣ እናትየዋ የሉም።

ሦስተኛው ይከብደኛል። አፍሬ ነው። የዚያ ሥራ ትልቁ ትዝታዬ ስህተቴ ነበር። ሥራ ሲጠየቅ የሚነገረው የተሳካው ነው ብዬ ስለማምን፣ ስህተቱን ለመደበቅ ሥራውን ሁሉ ደበቅኩት። ያ ሰው ግን የፈለገው ያንኑ ነበር። አሁን እኔም አንዳንዴ ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዷ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ ለምን እንደፈለገው ይገባኛል። ከትምህርት ቪዲዮ ላይ እየተከተሉ የተሠራ ፕሮግራም ብዙ አይቻለሁ። ያምራል። ግን ሠሪውን «ሲበላሽ ምን ሆነ?» ስትሉት ዝም ይላል፣ ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ። በሌላ በኩል ለሰፈሩ ፋርማሲ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን የሚያስታውስ ነገር የሠራ ልጅ ገጥሞኛል። ኮዱ የተዝረከረከ ነው። ግን ጳጉሜን ላይ ምን እንደገጠመው ሲነግረኝ ከወንበሬ ልነሳ ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው አገር ውስጥ ለሰው የሠራ ብቻ ነው ያንን የሚያውቀው።

ልምድ ስንል በዓመት እንቆጥረዋለን። እኔ በሌላ ነገር መቁጠር ጀምሬያለሁ። የሠራኸው ነገር የማን ገንዘብ፣ የማን ቀን፣ የማን ደጅ ላይ ነው? ሲበላሽ ዓይኑን አይተኸዋል ወይ? ያ መሳቢያ ውስጥ የነበረ ደብዳቤ ሁለት ዓመት ይላል። ስለሱ አንድ ጥያቄ ብጠየቅ የምናገረው አልነበረኝም። ቀድጄዋለሁ፤ ከቃለ መጠይቁ ማግስት።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። «በነፃ ሥሪ፣ ልምድ ታገኛለሽ» የሚሉ ድርጅቶችን እያወራሁ አይደለም። እኔም አንዱ ጋ ገብቼ ወር ሙሉ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ስሜም አልተነሳም፣ ብርም አላየሁም፣ የሠራሁትን እንኳ ለሌላ ቦታ እንዳላሳይ ተከለከልኩ። ሐጂ ከዚህ ጋር አይገናኙም። እሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ነገር በራሴ ሰፈር ሠራሁ፣ ኮዱ የኔ ነው፣ ማንም ያየዋል። ሌላው ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ጎረቤቱ ሐጂ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ዕድለኛ ነኝ። ሆኖም በየሰፈሩ መዝገብ የሌለው ቤት የለም። ዕቁብ፣ ዕድር፣ ወፍጮ ቤት፣ የባጃጅ ማኅበር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ። ሁሉም ጋ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ።

ሲቪያችሁ ላይ ስትጽፉት ደግሞ እንዳለ ጻፉት። ደመወዝ ካልነበረው አልነበረውም በሉ። ግን ማን እንደተጠቀመበት፣ ስንት ሰው እንደነካ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከላችሁት ጻፉ። «ፕሮጀክት» በሚለው ቃል ሥር አትቅበሩት። እኔ አሁን ያለኝ ሲቪ ላይ «የሥራ ልምድ» ከሚለው ሥር የመጀመሪያው መስመር የሐጂ መጋዘን ነው።

ሥራው ላይ ተቀጠርኩ። 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ነበረው፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያለቀስኩት። ስለሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ታህሳስ

ባለፈው ታህሳስ እረፍት ወስጄ ጅማ ገባሁ። ሐሙስ ዕለት መጋዘን ሄድኩ። ላፕቶፑ ላይ አሁን የሐጂ የልጅ ልጅ ነው የሚቀመጠው። መዝገቡም አለ፣ ሐጂም ይጽፋሉ።

ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር ቀይሬ ነበር። ደረሰኙ ነጥብ ያለው ፈረሱላ አይጽፍም። ሙሉ ፈረሱላውን፣ ግማሹን፣ የተረፈውን ኪሎ ለየብቻ ይጽፋል። እናትየዋ በጣታቸው እንደቆጠሩት። ገበሬው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው፣ እኔ ነኝ ዘግይቼ ያወቅኩት።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ እናትየዋ መጡ። አወቁኝ። እጄን ይዘው ስለ እናቴ፣ ስለ አዲስ አበባ ጠየቁኝ። ጆንያቸው ሚዛን ላይ ወጣ። 43 ኪሎ። ልጁ ቁጥሩን ሊያስገባ ሲል እጃቸውን አነሱና አስቆሙት። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ሁለት ፈረሱላ» አሉ። «ግማሽ ፈረሱላ። ግማሽ ኪሎ።»

ልጁ አስገባ። ደረሰኙ ወጣ። ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።